አውድማ ላይ ያሰጣሁት ጦስኝ

በየትኛው ዓመት እንደሆነ በትክክል አላስታውሰውም። ሚስቴ ካረፈች ሦስተኛው ይሁን አራተኛው ዓመት፣ ለልጆቼ ስነግራቸው አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ እላለሁ፤ እነሱም ይስቁብኛል። የማስታውሰው ዝናቡ ነሐሴ ሳይጋመስ መቆሙን ነው። ሌላው የማስታውሰው ሽታውን ነው። ዓመቱ ከራሴ ሲወጣ ሽታው አልወጣም። ይህን ስጽፍ እንኳ አፌ ምራቅ ይሞላል፤ የሚያስጎመጅ ምራቅ አይደለም፣ ሊያስመልሰው ያለ ሰው አፍ የሚሞላው ያ ቀጭኑ ምራቅ ነው።

እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ልጅ ሆኜ ፊደል ቆጠርኩ፣ ዳዊት ጀመርኩ፣ ሳልጨርሰው አባቴ ከበሬ ጋር አሰማራኝ። ጽሕፈቱን ያጠናከርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ስለዚህ አካሄዴ ቀስ ያለ ነው፤ የሚያነበኝ ሰው ይታገሰኝ።

ቤቴ ከቢቸና ከተማ ወጣ ብሎ ነው፤ በእኔ እግር አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ከቤቱ ጀርባ ድንጋያማ ተረተር አለ። አፈሩ ከጣት ጥፍር አይጠልቅም፣ ማረሻ አይገባበትም። ሚስቴ የጮቄ ተራራ ሥር ልጅ ናት። በተጋባን በሁለተኛው ይሁን በሦስተኛው ዓመት ከእናቷ ቤት ስትመለስ የጦስኝ ሥር ከነአፈሩ በእርጥብ ቅጠል ጠቅልላ አመጣችና በድንጋዮቹ መሃል እየሰነቀረች ተከለችው።

«ድንጋይ ልታበቅይ ነው?» ብዬ ሳቅኩባት።

«ጦስኝ ጥጋብ አይወድም» አለችኝ ቀና ሳትል። «አፈር ከበዛለት ቅጠል ብቻ ሆኖ ሽታው ይጠፋል።»

የመጀመሪያውን በጋ በቅል እየወሰደች ውሃ አጠጣችው። ከዚያ በኋላ ጠብታ አልሰጠችውም። ክረምት ሊገባ ሲል መሬት ላይ የተኛውን ቅርንጫፍ ሥር ከሰደደበት ላይ ትገነጥልና ወደሚቀጥለው ድንጋይ ታሻግረዋለች። ሥራው ይኸው ነበር። በጋ ላይ ሜዳው ሁሉ ከስሎ፣ ከብት የሚነጨው አጥቶ፣ ያ ተረተር ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። በእግር ረገጥ ሲያደርጉት ሽታው እስከ ደጃፍ ይመጣል። ሻይ ስታፈላ ከዚያ ቆንጠር አድርጋ ትጨምርበታለች። ጉንፋን ቢሆን፣ የሆድ ቁርጠት ቢሆን፣ ወይም እንዲያው ደክሞኝ ብገባ፣ እሱ ነበር የምትሰጠኝ።

እሷ ካረፈች በኋላ ሥራውን እኔ ያዝኩት። እየገነጠልኩ፣ እያሻገርኩ፣ ተረተሩን ከዳር እስከ ዳር አለበስኩት። የእሷ አገር ተረተር ዛሬ እስከ አናቱ ታርሶ ድንች ሆኗል፤ ሄጄ አይቻለሁ። የእኛ ሥር ቢጠፋ ከየትም አላመጣውም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ዶማ ይዤ የሠራሁትን ሰው እንዲረዳልኝ ነው።

ወደ ነገሩ ልምጣ።

ዓይኔን ለመታየት ሞጣ ሄጄ ነበር። ሲመለሱ ሚኒባሱ እስኪሞላ መጠበቅ ነው። ከመናኸሪያው በር አጠገብ በላስቲክ የተከለለች አንዲት ሻይ ቤት አለች። ሻይ የምታፈላው ሴት አርባ ዓመት ያለፋት፣ ሻሿን እስከ ግንባሯ የምታስር፣ እስላም ናት። የጦስኝ ሻይ ሰጠችኝ። ጠጥቼ ስጨርስ ብርጭቆው ሥር አሸዋ ዘቅጧል፤ ከአሸዋው ጋር አንድ የዶሮ ላባ ጭራ።

«ልጄ፣ ይሄን ጦስኝ ከየት ነው የምታመጪው?» አልኳት።

«ከገበያ ነው አባባ። ከመንገድ ዳር ጠርገው ነው መሰለኝ የሚያመጡልኝ። ምን ላድርግ?»

ያኔ አፌን ከፈትኩ። «የእኔ ጦስኝ አፈር አያውቅም!»

«አፈር አያውቅም? ሰማይ ላይ ነው እንዴ የሚበቅለው?»

እዚያ ሻይ የሚጠጡት ሾፌሮች ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ። «አመጣልሻለሁ፣ ያኔ ታያለሽ» አልኳት። «ያምጡልኝ እንጂ» አለች። «ከእነዚህ ሰዎች ስድብ ያወጡኛል።» ቃል ገባሁና ተነሣሁ። ሽማግሌ ሰው በሰው ፊት የገባውን ቃል በቀላሉ አይረሳም፤ እኔም አልረሳሁም፤ ያጠፋኝ እሱ ነው።

በዚያ ዓመት ዝናቡ አቋረጠን ብያለሁ። ጤፉ ፍሬ በደንብ ሳይቋጥር ቢጫ ሆነ። አጭደን አውድማ ላይ ከምረን በአንድ ቀን ተወቅቶ አለቀ። ሌላ ጊዜ ሳምንት የሚፈጀው ሥራ በአንድ ቀን ሲያልቅ ልብ ይሰብራል። ጦስኙ ግን እንዳለ ነው። ሐምራዊ አበባውን አውጥቶ ንብ ወርሮታል። አጨድኩት። በእቅፍ በእቅፍ ተሸክሜ ሳወርደው ብዛቱ ራሴንም ገረመኝ፤ ሚስቴ በሕይወት እያለች ያን ያህል አጭዳ አታውቅም። እሷ የምታደርቀው ለቤት የሚሆን ጥቂት ነበር። የት እንደምታደርቀው፣ እንዴት እንደምታደርቀው አላውቅም። አብሬያት ኖሬ፣ በዓይኔ እያየሁ፣ ልብ ብዬ አላየሁም።

እኔ የማውቀው እህል ነው። እህል የሚሰጣው አውድማ ላይ ነው። አውድማው ተሰነጣጥቆ ነበርና ቅጠሉ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ አፈር እንዳይነካው ብዬ እንደገና ለቀለቅሁት። ትኩስ እበት ከበረት በእጄ ዝቄ፣ በውሃ በጥብጬ፣ በክንዴ እያዳረስኩ። በእኛ በገበሬዎች ዘንድ እበት የተቀባ አውድማ ማለት ንጹህ ማለት ነው። ጠጠር የለበትም፣ አፈር የለበትም። ልብሴን አውልቄ ብተኛበት አልጸየፈውም ነበር። ጠፈፍ ሲል ጦስኙን ከነእርጥበቱ አለበስኩት። አፈር አያውቅም ብያለሁ፤ ይኸው አፈር አላየም።

በማግስቱ ያለ ወቅቱ ካፊያ መጣ። ክረምት ላይ የነፈገን ሰማይ ያን ቀን ነው የለገሰን። ሮጬ ላስቲክ አለበስኩትና ዳር ዳሩን በድንጋይ ጫንኩት። ካፊያው ቶሎ አባርቶ ፀሐይዋ ወጣች። እኔ ግን ደግሞ ይመጣል ብዬ ላስቲኩን ሦስት ቀን አላነሣሁትም። ከሥር እበቱ ላበ፣ ከላይ ቅጠሉ ላበ፤ ላስቲኩ በውስጥ በኩል ውሃ አቁሮ ወደ ታች ያንጠባጥባል። ገልጬ ሳየው ትንሽ ጠቆር ብሏል። አሸተትኩት፤ ምንም አልሸተተኝም። ከከብት ጋር ሰባ ዓመት የኖረ አፍንጫ ነዋ! ገላበጥኩት፣ አደረቅሁት፣ በአራት ማዳበሪያ ጠቅጥቄ ሞላሁት። አንዱን ይዤ ሞጣ ወረድኩ።

ሻይ ቤቷ ሰው ሞልቶባት ነበር። ሴትዮዋ ገና ስታየኝ «ሰማይ ላይ የበቀለው መጣ!» ብላ ተቀበለችኝ። ማዳበሪያውን ከእጄ ወስዳ ከላይ አንድ እፍኝ ዘግና ጀበና በሚያህለው ማንቆርቆሪያዋ ውስጥ ጨመረችው። እንግዳ አክብራ መሆኑ ነው፤ ሳታሸትተው። ለሾፌሮቹም ቀዳችላቸው። በር ላይ የተቀመጠ አንድ ወፍራም ሾፌር፣ በዚያ መንገድ የሚመላለስ፣ አንድ ጊዜ ፉት አለ።

ከዚያ ተፋው። መሬት ላይ ብቻ አይደለም፣ ፍንጣቂው ጫማዬ ላይ አረፈ።

«እትዬ! ይሄን ከበረት ነው የቀዳሽው?»

«ምን ሆንክ ደግሞ አንተ?»

«ላሟ ቆማ ነው የሸናችበት ወይስ ተኝታ? እሱን ብቻ ንገሪኝ!»

ከጎኑ ያለው ረዳቱ ብርጭቆውን አሸተተና «ኧረ ስኳር የላሰች ላም ናት» አለ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ሴትዮዋ አልሳቀችም። የማንቆርቆሪያውን ክዳን አንሥታ አሸተተች፤ ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። ከዚያ አንድ ብርጭቆ ቀዳችና በሁለት እጇ ይዛ አቀረበችልኝ።

«አባባ፣ እስቲ እርስዎ ይቅመሱት።»

ቀመስኩት። ደረቁ ቅጠል የደበቀውን የፈላ ውሃ ያወጣዋል፤ ይህን ያኔ ነው የተማርኩት። መጀመሪያ የጦስኙ ሽታ መጣ፣ ያ የማውቀው። ወዲያው ከሥሩ ሌላው ተነሣ፤ ዝናብ የመታው በረት፣ የከብት ሽንት የጠጣ ገለባ፣ ሞቅ ያለ፣ የላመ፣ ምላስ ላይ እንደ ሞራ የሚለጠፍ። በሰው ፊት መትፋት አፈርኩና ዋጥኩት። ሲወርድ ይታወቀኛል። ብርጭቆውን ዝቅ አድርጌ ሳየው ላዩ ላይ ቢጫ አረንጓዴ አረፋ ሰፍፏል፤ አንዲት ቀጭን የገለባ ስንጣሪም እየዞረች ነው፤ ከብት በልቶ ያወጣት ገለባ።

ተነሥቼ ወጣሁ። ከመናኸሪያው አጥር ጀርባ፣ ሰው ሁሉ የሚሸናበት ቦታ ላይ፣ ግንቡን ተደግፌ አስመለስኩ። ከእግሬ ሥር የሰው ሽንት አረፋ እየሠራ ይወርዳል፣ ዝንብ ከንፈሬ ላይ ያርፋል። ቁና ቁና እየተነፈስኩ አንድ ነገር አሰብኩ፤ ይሄ ሁሉ የሰው ቆሻሻ ነው፣ እኔ ያመጣሁት ግን ከዚህ የባሰ ነው፤ እዚህ ያለውን ማንም ለማንም በብርጭቆ አልሰጠም። ወደ ሻይ ቤቷ አልተመለስኩም። ቢቸና ቢቸና የሚል ሰምቼ ሚኒባሱ ላይ ወጣሁ። ከዘራዬን እዚያው ረሳሁት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ክፉ ነበሩ። እጄን በሳሙና አጠብኩ፣ በአመድ ፈተግሁ፣ ሎሚ ቆርጬ አሸሁት። ለምግብ እጄን ወደ አፌ ስወስድ ያ ሽታ ቀድሞኝ ይመጣል። ወጡም እሱን ይለኛል፣ ውሃውም እሱን ይለኛል። ልጄ ከከተማ መጥታ ሽሮ ሠራችልኝ፤ ጦስኝ ገብቶበታል፤ ሳህኑን ገፍቼ ተነሣሁ። «አባዬ አመመህ?» አለችኝ። ምን ልበላት? የእናትሽን ጦስኝ በእበት ለውሼ ለሰው አጠጣሁ ልበላት? «አዎ፣ ሆዴን» አልኳት።

ሦስቱ ማዳበሪያ ግን ቤት ውስጥ ቆሟል። በቢቸና ቅመማ ቅመም የሚሰበስብ ነጋዴ አለ ሲሉ ሰምቼ አንዱን ማዳበሪያ አሸክሜ ሄድኩ። እንዲወስደው አልነበረም ልበል? እውነቱን ከተናገርኩ፣ ለምን እንደሄድኩ ራሴም በደንብ አላውቅም። ምናልባት የሚያውቅ ሰው «ይሄ ይጸዳል» እንዲለኝ ፈልጌ ይሆናል።

ነጋዴው ማዳበሪያውን ፈታ አድርጎ አሸተተና ሳቀ።

«አውድማ ላይ ነው አይደል ጋሼ?»

«እንዴት አወቅህ?»

«ኧረ ስንቱ ይመጣልኛል! ምንም አይደለም። ይግቡ፣ ይግቡ።»

ወደ ጓዳው አስገባኝ። መሬት ላይ የጦስኝ ክምር አለ፤ ከጎኑ የደረቀ ሣር ተከታትፎ ተቆልሏል፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ የወለል ጥራጊ የመሰለ ነገር። አይጥ የሄደችበት ምልክት፣ ያ ጥቁር ፍሬ ፍሬው፣ በየቦታው አለ። እሱ በጫማው ቆሞበት በአካፋ ያገላብጠዋል። እያወራ እጁ ላይ እንትፍ ይልና አካፋውን ያጠብቃል።

«የእርስዎን ከመልካሙ ጋር ሳደባልቀው አይታወቅም» አለኝ። «ሲፈላ ሁሉም አንድ ነው። ደግሞ ማን ያውቃል? እኛና እርስዎ ነን የምናውቀው፤ እኛ ደግሞ ያው አንድ ነን።»

አንድ ነን ሲለኝ ሰውነቴን ሰቀጠጠኝ። ያን ሰውዬ ተጸየፍኩት፤ አካፋውን፣ ጫማውን፣ እንትፍታውን። ግን የጸየፍኩት ሰው ዓይኑን ወደ እኔ አቅንቶ እንደ ዘመድ ነው የሚያየኝ፤ አልተሳሳተም ደግሞ። እኔ ሳላውቅ ነው ያደረግሁት፣ እሱ እያወቀ፤ የሚጠጣው ሰው አፍ ውስጥ ግን ልዩነት የለውም። ማዳበሪያዬን ራሴ አነሣሁት። «ምነው ጋሼ?» እያለ እስከ በር ተከተለኝ። ሦስቱንም ማዳበሪያ ወስጄ በረት ውስጥ ዘረገፍኩት። አሮጌው በሬዬ አፍንጫውን አስጠጋ፣ እፍ አለበት፣ ፊቱን አዞረ።

በማግስቱ ጠዋት ዶማ ይዤ ተረተሩ ላይ ወጣሁ። ልነቅለው ነው። ከሥሩ። ያ ሽታ አፍንጫዬ ላይ ቆሞ ሰው መሆን አልቻልኩም። ምድሩ ደርቆ እንደ ብረት ሆኗል፤ ዶማው ሲያርፍ ይጮሃል። በዚያ ሁሉ ድርቅ ጦስኙ ከተቆረጠበት ላይ አዲስ ቅጠል እያወጣ ነበር። የመጀመሪያውን ቁጥቋጦ መታሁት። ሽታው ተነሣ፤ ንጹሁ፣ የእሷ ሽታ፣ የደጃፋችን። ግን አፍንጫዬ ከዚያኛው መለየት አልቻለም። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሚስቴን ከቀበርኩ ጀምሮ ብዙ ነገር ሄዷል፤ ልብሷ ለድሃ ተሰጠ፣ ድምፅዋ ራሱ ከጆሮዬ እየራቀ ነው። የቀረኝ ይህ ሽታ ነበር፣ እሱንም በገዛ እጄ እበት ቀባሁት። ለሁለተኛው ቁጥቋጦ ዶማውን ሳነሣ ከደጅ ሰው ተጣራ።

«የሰማዩ አባባ! ቤት ውስጥ አሉ?»

የሞጣዋ ሻይ አፍይ ናት። እዚህ ነኝ ስላት ከዘራዬን እንደ ጠመንጃ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ተረተሩ ላይ ወጣች። ደብረ ወርቅ ዘመድ ሞቶባት ለቅሶ መጥታ ነበር፤ ከዚያ እስከ ቢቸና ወፍራሙ ሾፌር አምጥቷት፣ ጦስኝ የሚያበቅሉት ሽማግሌ ቤት የት ነው እያለች ደረሰች።

«ከዘራዎን ጥለው ሄዱ» አለች። «እኔም፣ ያለ ከዘራ እንዴት ይሄዳሉ ብዬ።»

ዓይኗን ማየት አቃተኝ። «ልጄ፣ አዋርጄሻለሁ።»

«ኧረ እነሱ መቼ ሳይሰድቡኝ ያውቃሉ! ዶማው ምንድን ነው?»

«ልነቅለው ነው።»

ቁጥቋጦዎቹን ተራ በተራ አየቻቸው። ጎንበስ ብላ አንድ ቅጠል ቀነጠሰች፣ በጣቷ አሸች፣ አሸተተች። «ይሄማ ምንም የለበትም» አለች። «የት ነው ያደረቁት?»

ወስጄ አውድማውን አሳየኋት። ላስቲኩ ገና ጥግ ላይ ነው። አውድማውን አየች፣ ላስቲኩን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ሳቀች። አሳሳቋ እንደ ሾፌሮቹ አልነበረም፤ ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ቁጭ እስክትል ነው የሳቀችው።

«አባባ፣ ጤፍ እኮ ይፈጫል፣ ይቦካል፣ እሳት ላይ ይወጣል። ይሄ የሚነከር ነው! የነካውን ሁሉ ይዞ ነው ውሃ ውስጥ የሚገባው።»

«አሁን አወቅሁ።»

«ባለቤትዎ የት ነበር የሚያደርቁት?»

«አላውቅም» አልኳት። ይህን ስላት ከሁሉ ይልቅ ያን ጊዜ አፈርኩ። እሷም አልሳቀችም።

ተነሥታ ልብሷን አራገፈች። «ከመሬት ከፍ ያለ፣ ጥላ ያለው፣ ንጹህ ነገር ነው የሚፈልገው። ቤቱን እንይ።» ገባን። ማዳበሪያውን አሸተተች፣ ወረወረችው። የመኝታ ቁርበቱን ነካች፣ አንገቷን ነቀነቀች። ሰፌድ አለ፣ ግን የመዳፍ ያህል ነው። ከዚያ ቀና ስትል ወራጁ ላይ በገመድ የታሰረውን ሰሌን አየች።

«ያ ምንድን ነው? አዲስ ነው።»

«እሱ አይሆንም።»

«ለምን?»

«የመቀበሪያዬ ነው።»

ሚስቴ ነበረች ያስቀመጠችው። ሁለት ነበሩ፤ አንዱ የእሷ፣ አንዱ የእኔ። በአንደኛው ጠቅልለን ቀበርናት። ሁለተኛው ከወራጁ አልወረደም፤ በየዓመቱ አቧራውን አራግፌ እመልሰዋለሁ።

ሴትዮዋ ሰሌኑን ቀና ብላ አየችው። «ተኝቶበት የሚያውቅ ሰው አለ?»

«ማንም።»

«ዶሮ ረግጦታል?»

«ኧረ!»

«እንግዲያ ከቤቱ ሁሉ ንጹህ እሱ ነው።»

ቀፈፈኝ። ከእበት ሸሽቼ አስከሬን መጠቅለያ ላይ? የሰው ሻይ? «ልጄ፣ ሰው ይሄን ቢሰማ ይተፋዋል» አልኳት።

«እበቱን ጠጥተውታል እኮ!» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ፣ «አባባ፣ ሰሌን ነው። ሬሳ አልነካውም። እርስዎ ደግሞ ወላሂ ገና አይሞቱም፤ ይሄን ያህል ዶማ የሚያነሣ ሰው።»

አወረድነው። ቆጡ ላይ፣ ንፋስ በሚያልፍበት፣ ሁለት እንጨት አጋድመን ዘረጋነው። ከተረተሩ ዳር ያልታጨደ ጥቂት ቀርቶ ነበር፤ እሷ እያሳየችኝ ቆረጥን። እንጨቱን ትተን ለጋውን ብቻ፣ ጠዋት ጤዛው ከረገፈ በኋላ፣ ሳሳ አድርጎ መዘርጋት። «ላስቲክ እንዳይነካው። እጅዎን ታጥበው ነው የሚያገላብጡት፣ በረት ሳይገቡ» ብላ አዘዘችኝና በመጣችበት ሄደች። ዶማውን ስትወጣ ይዛው ወጥታ ከበሩ ጀርባ አቆመችው። አይቻታለሁ፤ እኔም እዚያው ተውኩት።

ስድስት ቀን አገላበጥኩት። ወደ ቆጡ በወጣሁ ቁጥር ሁለት ነገር ይታየኛል፤ አንዱ አውድማው፣ አንዱ ሬሳዬ። ደረቀ፤ አረንጓዴነቱን እንደያዘ። ራሴ ግን ቀምሼ ማየት አልሆንልህ አለኝ። ሁለት ጊዜ ውሃ አፈላሁ፣ ሁለት ጊዜ ደፋሁት። በፌስታል ቋጥሬ ሞጣ ሄድኩ።

እሷ እዚያው ናት። ወፍራሙ ሾፌርም በር ላይ፣ በቦታው። «ባለ በረቱ መጡ!» አለ፤ ብርጭቆውን በመዳፉ ከደነ። እሷ አልሰማችውም። እፍኙን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ በደንብ አሸተተችው፤ በዚህ ጊዜ አልተሳሳተችም። አፈላች። ለማንም ሳትሰጥ ለራሷ ቀዳችና «ቢስሚላህ» ብላ ጠጣች፤ እኔ እያየኋት፣ እስከ ሥሩ። ከዚያ ለእኔ ቀዳች።

የመጀመሪያው ጉንጭ ላይ ያ ሽታ መጣ፤ ብርጭቆው ውስጥ አልነበረም፣ እኔ ውስጥ ነበር። ዋጥኩት። ሁለተኛው ላይ ቀለል አለ። ሦስተኛው ላይ የሞቀ ድንጋይ፣ የበጋ ፀሐይ፣ የደጃፋችን ሽታ መጣ። የብርጭቆውን ሥር አየሁ። ንጹህ ነው።

ሾፌሩ ያየኝ ነበርና እጁን ከብርጭቆው ላይ አነሣ። «እስቲ ቅጂልኝ» አለ። ልትቀዳለት ስትል አላስቻለኝም። ያ ነጋዴ ማን ያውቃል ያለኝ ጆሮዬ ላይ አለ።

«ቆይ» አልኩት። «ስሚኝ ልጄ፣ አንተም ስማ። ይሄ የደረቀው መቀበሪያዬ ብዬ ባስቀመጥኩት ሰሌን ላይ ነው። ከጠላኸው አትጠጣው።»

ሴትዮዋ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆመች። ሾፌሩ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ።

«ተኝተውበታል?»

«ገና ነኝ።»

«እንግዲያማ አይቸኩሉ!» አለ። «እትዬ፣ ሙዪልኝ።»

ጠጣው። ሲጨርስ ሁለተኛ ጠየቀ። አንድ ሌላ ሰው ግን ብርጭቆውን ሳይነካ አስቀምጦ ወጣ፤ አልፈረድኩበትም።

ዛሬም ድረስ ኅዳር ላይ ጎረቤት አውድማ ሲለቀልቅ ዞሬ ነው የማልፈው። የሰው ቤት ሻይ ሲሰጡኝ ደብቄ አሸትታለሁ፤ ልጆቼ ነውር ነው ይሉኛል። የገበያ ጦስኝ ሳይ ያ ጓዳ፣ ያ አካፋ ይታየኛል፤ መጸየፉ አልለቀቀኝም፣ የሚለቀኝም አይመስለኝም። ጦስኙ ግን ተረተሩ ላይ አለ። በዶማ የመታሁት ቁጥቋጦ በጎኑ አቆጥቁጦ ከሌሎቹ በልጧል። ሰሌኑም ወራጁ ላይ አለ፤ ከዚያ የማወርደው በአጨዳ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ጥቅሉን ሲፈቱት ቤቱ ሁሉ ጦስኝ ጦስኝ ይላል። አንድ ቀን እኔን ሲጠቀልሉበት ልጆቼ ይገርማቸው ይሆናል። ያን ዶማ ወስዳ ከበር ጀርባ ያቆመችልኝ፣ የሚስቴን ሽታ የመለሰችልኝ፣ ያቺ በሞጣ መናኸሪያ በር ሻይ የምታፈላዋ ሴት ናት።